የጤና ሚኒስቴሩ ደብዳቤ ላይ ያለው ስፔሻሊቲ (የሕክምና ዘርፍ) አሜሪካ ከተመደብኩበት ጋር አልገጠመም፤ ምን ላድርግ?

ሐኪም ነኝ፣ የምሠራው አዲስ አበባ ነው። ዘንድሮ በመጋቢት አሜሪካ ፋሚሊ ሜዲስን (የቤተሰብ ሕክምና) ማች አደረግኩ፤ ማለትም የስፔሻሊቲ ሥልጠና ቦታ ተመደበልኝ። ሥራው ሰኔ 24 ይጀምራል።

ለጄ-1 ቪዛ (ለልውውጥ ጎብኚዎች የሚሰጠው) ስፖንሰር የሚያደርገኝ ኢሲኤፍኤምጂ የሚባለው፣ ውጭ አገር የተማሩ ሐኪሞችን የሚያረጋግጠው የአሜሪካ ድርጅት ነው። እሱ ከሚፈልጋቸው ወረቀቶች አንዱ የጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ ነው፤ አገሪቱ በዚህ ሙያ የሠለጠነ ሐኪም ያስፈልጋታል፣ እሱም ሲጨርስ ይመለሳል የሚለው። ችኩል ነኝና ገና በጥቅምት አውጥቼ፣ ማኅተሙ እንዳይደበዝዝ በፕላስቲክ አቃፊ ከትቼ አስቀመጥኩት። ያኔ ልቤ ያለው ኢንተርናል ሜዲስን (የውስጥ ደዌ ሕክምና) ላይ ነበር፤ ማመልከቻው ላይ የሞላሁትም እሱን ነው። ባለፈው ሳምንት አቃፊውን ስከፍት ቁልጭ ብሎ ተጽፎ አየሁት። ጥፋቱ የራሴ ነው።

የፕሮግራሙን አስተባባሪ በኢሜይል ጠየቅኳት። «ስፔሻሊቲው የግድ አንድ መሆን አለበት» አለችኝ፣ በቃ። ኮንትራቴ ተፈርሟል፣ ፓስፖርቴም ገና 4 ዓመት አለው። ግን ዲኤስ-2019 (ስፖንሰሩ ለቪዛው የሚያወጣው ቅጽ) ካልወጣ የሴቪስን (የአሜሪካ የውጭ ተማሪዎችና የልውውጥ ጎብኚዎች መመዝገቢያ) 220 ዶላር መክፈል አልችልም፤ የኤምባሲ ቃለ መጠይቁም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከመሐላችሁ እንዲህ ስፔሻሊቲ የተቀየረበት ካለ፦ የድሮውን ደብዳቤ መልሳችሁ እንደ አዲስ ነው ያመለከታችሁት ወይስ በማስተካከያ ደብዳቤ ብቻ አለፈላችሁ?