አጥንቴ ገጥሟል፣ ሚኒባስ መሳፈር ግን አቃተኝ

የአዳማው፦
ሰላም ቤተሰብ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ከአዳማ አዲስ አበባ እመላለስ ነበር። ባለፈው ዓመት ሞጆ አካባቢ የተሳፈርንበት ዶልፊን ከአይሱዙ ጋር ተጋጨ። የጭኔ አጥንት ተሰብሮ ብረት ገባልኝ። አሁን ያለ ክራንች እሄዳለሁ። ሐኪሙ ራጁን አይቶ «በደንብ ገጥሟል፣ ጨርሰሃል» ብሎ ሸኘኝ። እንቅልፍህስ ያለኝ ግን የለም።

አልተኛም። ዓይኔን ስከድን ፍሬኑ ሲያፏጭ ይሰማኛል። ናፍጣ ከሸተተኝ ላብ ያጠምቀኛል። ደግሞ የሚመጣብኝ አደጋው ብቻ አይደለም። ሆስፒታል ከጎኔ የተኙት አባት ላይ የተገጠመ ማሽን ሌሊቱን ሙሉ ጢጥ ጢጥ ይል ነበር። አንድ ሌሊት ድምፁ ተቀየረ፣ ነርሶቹ ሮጡ፣ ሲነጋ አልጋው ባዶ ነው። ቢሯችን ማይክሮዌቭ አለ። ምሳ አሙቆ ጢጥ ሲል ተነስቼ እወጣለሁ። ባልደረቦቼ የወጡ ሽታ ያስጠላኝ ይመስላቸዋል።

ሚኒባስ ገብቼ ገና ሳይንቀሳቀስ «ወራጅ አለ» ብዬ ወርጃለሁ። ረዳቱ ሳቀብኝ። ቤተሰብ «ተመስገን በል፣ ከሞት ተርፈሃል» ይለኛል። እላለሁ። እናቴ ፀበል ወስዳኝ ቀለል ብሎኝ ነበር፣ ሌሊቱ ግን ያው ነው። ጎረቤት ዲያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ ክኒን ሰጥቶኛል፣ ልጀምረው? ወይስ አብጃለሁ?

አቡሽ፦
ወንድ ልጅ ጠንከር ነው። ሁለት ቢራ ጠጣና ለጥ በል።

ሲስተር፦
አቡሽ፣ ቢራውን ለራስህ።
ወንድሜ፣ አላበድክም። የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። የምትለው ድህረ አደጋ ጭንቀት ይመስላል፣ ፒቲኤስዲ የሚሉት። ሰው የወታደር ሕመም ያደርገዋል እንጂ በመኪና አደጋ፣ በቃጠሎ፣ ከፎቅ ወድቆ የተኛ ሰውም ይይዘዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መባነንና መደንገጥ ብዙ ሰው ላይ ይታያል፣ ለአብዛኛውም በራሱ ይለቀዋል። ወር አልፎ እንቅልፍህንና ሥራህን ከነካ ግን መታየት አለብህ። የስብራቱ ትልቅነት ብቻ አይወስነውም። «አለቀልኝ» ያልክባት ቅጽበት፣ የማይለቅ ሕመም፣ ዋርድ ውስጥ ያየኸው ሁሉ ይጨመርበታል።

ዲያዜፓሙን አትጀምር። ለዚህ አይመከርም፣ ሱስም ያስይዛል። ዋናው ሕክምና ንግግር ነው፤ ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር የሆነውን በዝርዝር ማውራትና የምትሸሸውን በደረጃ መቅረብ። ካስፈለገ እንደ ሰርትራሊን ያለ መድኃኒት አለ፣ ለመሥራት ግን ሳምንታት ይፈልጋል። የግድ አማኑኤል ድረስ አትሂድ። አቅራቢያህ ያለው ጠቅላላ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ካለው እዚያ ጀምር። ፀበሉንም አትተው፣ ሁለቱ አይጣሉም።

እጄን ማሽን የያዘው፦
አይዞህ። እኔ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ፣ ሁለት ጣቴን አጥቻለሁ። የሚሮጥ ማሽን ስሰማ እጄን ብብቴ ውስጥ እደብቅ ነበር። ካማካሪዋ ጋር ተነጋግረን መጀመሪያ ከፋብሪካው በር ማዶ ሻይ ቤት መቀመጥ ጀመርኩ። ከዚያ ጥበቃዎቹ ጋ። ከዚያ ግቢ ውስጥ። ልቤ እየደለቀ ከሮጥኩ በማግስቱ ይብስብኛል። ረጋ እስኪል ከቆየሁ ግን በሚቀጥለው ይቀለኛል። አንተም ከባለሙያው ጋር ከቆመ ሚኒባስ ጀምሩ። ለረዳቱ ሒሳቡን ክፈለውና ይሳቅ።

የአዳማው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሲስተር፣ ለእግሬ ሕመም ማስታገሻ አሁንም ትራማዶል እወስዳለሁ። ችግር አለው?

ሲስተር፦
ጥሩ ጠየቅክ። ትራማዶልና እንደ ሰርትራሊን ያሉት አንድ ላይ ሲወሰዱ አደጋ ሊያመጡ ይችላሉ፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት ማንቀጥቀጥ ጭምር። ስለዚህ ለሐኪሙ መጀመሪያ እሱን ንገረው፣ ማሸጊያውንም ይዘህ ሂድ። በራስህ ግን በአንዴ አታቁመው። ሕመሙ ሲነሳ አደጋውን ያስታውስሃል፣ ጭንቀቱ ደግሞ ሕመሙን ያባብሰዋል፤ ሁለቱንም አብረው ቢያዩልህ ነው የሚሻለው። ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግባ።