ዝርዝሩን ማን ይጻፈው? በምርጫ ሥርዓት ሐሳባችን ላይ የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? መንገዱ ስለማያስተማምን ስብሰባውን ትተን ረቂቁን በጽሑፍ እንጨርስ ብለናል። ሐሳባችን የሚሄደው ለምርጫ ቦርድና ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ጥያቄው ተመጣጣኝ ውክልና እንጠይቅ ወይ ነው። ከጠየቅንስ የቱን ዓይነት?

ለማስታወስ ያህል፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የተወካዮች ምክር ቤት አባል በየምርጫ ክልሉ በአብላጫ ድምፅ ይመረጣል ይላል። ከሌሎቹ በአንድ ድምፅ የበለጠ ወንበሩን ይዞ ይሄዳል። ለሌላው የተሰጠው ድምፅ እዚያው ይቀራል። አዲስ አበባን እዩ። በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት 23ቱንም ወንበር ወሰደ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢሕአዴግ ከ23ቱ 22ቱን። በሁለቱም ምርጫዎች ላይ ብዙ ክርክር አለ፤ እሱን እዚህ አልነካውም። እኔን ያሳሰበኝ ስሌቱ ነው። የአንድ ከተማ ሰው በአምስት ዓመት ከዳር እስከ ዳር አይገለበጥም። ወንበሩ ግን ተገለበጠ።

የመጀመሪያው ረቂቄ ይኸው፦ «ምርጫው በሙሉ በተመጣጣኝ ውክልና ይሁን። ፓርቲዎች የዕጩዎች ዝርዝር ያቅርቡ፣ ሕዝቡ ለፓርቲ ድምፅ ይስጥ፣ ወንበር በድምፅ ልክ ይከፈል።» ያልጣማችሁን ሳትሸሽጉ ጻፉ።

የሒሳብ መምህርት፣ ፍኖተ ሰላም፦

እኔ ባለፈው ቅዳሜ ቡና ላይ ጎረቤቶቼን ሰብስቤ በእህል ሞከርኩት። ሰፌድ ላይ 100 ፍሬ ቆጠርን። 42 ሽምብራ፣ 31 ባቄላ፣ 19 ጓያ፣ 8 ምስር። እነዚህ ፓርቲዎች ናቸው አልኳቸው። ከዚያ አሥር ሲኒ ደረደርኩ። እያንዳንዱ ሲኒ አንድ የምርጫ ክልል ነው፣ አንድ ወንበር አለው።

በስምንቱ ሲኒ 4 ሽምብራ፣ 3 ባቄላ፣ 2 ጓያ፣ 1 ምስር አደረግን። በቀሩት ሁለቱ አምስት አምስት ሽምብራ ገባ፣ ትርፉን ባቄላና ጓያ ሞላው። ማን አሸነፈ? አሥሩንም ሽምብራ። ከመቶው 42 ብቻ ሆኖ ሁሉንም ወንበር ወሰደ። አንዲት እናት ሲኒዎቹን አንድ በአንድ አየት አየት አደረጉና «ታዲያ ይሄ ሁሉ ባቄላ የት ገባ?» አሉኝ። እኔ ክፍል ውስጥ አንድ ሳምንት ባስተምር እንዲህ አላስረዳውም ነበር።

ቀጥሎ ሁሉንም ወደ ሰፌዱ መለስነው። ለአሥር ፍሬ አንድ ወንበር ብንል ሽምብራ 4፣ ባቄላ 3፣ ጓያ 1 ያገኛሉ። ሁለት ወንበር ይተርፋል። ትልቅ ትራፊ ላለው ይሰጥ ስንል ጓያ 9፣ ምስር 8 ተርፏቸዋል። ስለዚህ 4፣ 3፣ 2፣ 1 ሆነ።

አሁን ልብ በሉ። ብዙ አገሮች የሚጠቀሙበት ዲሆንት የሚባል ሌላ ስሌት አለ። የእያንዳንዱን ድምፅ ለ1፣ ለ2፣ ለ3 እያካፈሉ በየተራ ትልቁን ቁጥር መምረጥ ነው። ያንኑ እህል በዲሆንት ብንሠራው 5፣ 3፣ 2፣ 0 ይመጣል። ምስሩ ወንበሩን ያጣል፣ ሽምብራው ይጨምራል። ድምፁ አልተለወጠም፣ የተለወጠው ማካፈያው ነው። ስለዚህ «በድምፅ ልክ» ብለን ብቻ ከተውነው ሌላ ሰው ይሞላልናል። ስሌቱን ራሱን እንጻፈው።

ነጋዴው፣ ከቡሬ፦

እህቴ፣ እህሉ ገብቶኛል። ተመጣጣኝነቱን አልጠላሁም። እኔን የሚያስፈራኝ ዝርዝሩ ነው።

ዝርዝሩን የሚጽፈው ማነው? የፓርቲው ጽሕፈት ቤት። አንደኛ ቁጥር ላይ የሰፈረው ሰው ፓርቲው ትንሽ ድምፅ ካገኘ ይገባል። እኛ ብንወደውም ብንጠላውም ይገባል። ደቡብ አፍሪካን ተመልከቱ። 400 አባላት ያሉት ምክር ቤታቸው ለረጅም ዓመታት በዝግ ዝርዝር፣ ማለትም መራጩ ተራውን በማይነካው ዝርዝር፣ ሲመረጥ ኖሯል። አባሉ ከፓርቲው ከወጣ ወንበሩንም ያጣል። ታዲያ ያ ሰው ማንን ያከብራል? ስሙን የጻፈለትን ነዋ! እ.ኤ.አ. በ2020 የራሳቸው ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የግል ዕጩን የሚዘጋው ሕግ ልክ አይደለም፣ ምክር ቤቱ ያስተካክለው ብሎ ወስኗል። ይቺን ነገር ሳናይ አንለፍ።

የእድራችንን ዳኛ አስቡ። ስሙን እናውቃለን፣ በሩን እናውቃለን። የኛ ሰፈር እድር ገንዘብ ያዥ አንድ ዓመት ሒሳቡን ሊያቀርብ አልቻለም። አልተጣላንም። ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ፣ መዝገቡ ተገለጠ፣ ሰዎች ጠየቁት፣ በዚያው ቀን ሌላ ሰው ተተካ። መዝገቡን ሲያስረክብ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ከምክር ቤት አባል የምፈልገው ይህንኑ ነው። የሚጠየቅበት ቀን ይኑረው።

የኔታ፣ ዲማ አካባቢ፦

ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ደህና ተናገራችሁ። ግን አሁን ያለውን እንደ እድር ዳኛ አታድርጉብኝ። የወከለንን ሰው ስም ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ አየሁት። ከዚያ ወዲህ በዓይኔ አላየሁትም። የምርጫ ክልል መኖሩ ብቻ ሰውን አይመልስም።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ሰው ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይናገራል። 54ም ይደግመዋል። ይህን በተግባር የሚፈጸም አድርጉት። የቀረው ቅርንጫፍ ነው።

ጡረተኛ መምህር፣ ሞጣ፦

ከየኔታ ሐሳብ ልነሳ። ሁለቱን የሚያስታርቅ መንገድ አለ፣ ሌሶቶ ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1998 እንደኛው በአብላጫ ድምፅ ተመርጠው ገዢው ፓርቲ በ60 በመቶ ገደማ ድምፅ ከ80 ወንበር 79ኙን ወሰደ። ተቃዋሚው ሩብ ያህል ድምፅ ይዞ አንድ ወንበር ብቻ አገኘ። ከዚያ ተቃውሞ፣ ቃጠሎ፣ መጨረሻ ላይ የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ጦር ገባ። ትንሽ አገር ናት፤ ዋና ከተማዋ ማሴሩ ተቃጠለች።

በኋላ ተቀምጠው ተነጋገሩ። 80ውን የምርጫ ክልል አልነኩትም። 40 ወንበር ጨመሩ፤ ድምፁ ሳያንስ ወንበሩ ላነሰበት ፓርቲ ማካካሻ እንዲሆን። እ.ኤ.አ. በ2002 ምርጫ ዋናው ተቃዋሚ በዚህ መንገድ 21 ወንበር አገኘ። የጀርመኖቹም ነገር ዘመድ ነው፤ መራጩ ሁለት ድምፅ አለው፣ አንዱን ለአካባቢው ሰው አንዱን ለፓርቲ ይሰጣል።

እኛም አገር ቅይጥ ሥርዓት እንግዳ ነገር አይደለም። በ2009 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ለምክር ቤቶቹ ባደረጉት ንግግር የምርጫ ሕጉ ተሻሽሎ ተመጣጣኝ ውክልና እንደሚገባበት ተናግረው ነበር። ፓርቲዎቹም ተደራድረውበታል። ስለዚህ አዲስ ነገር አመጣን ብለን አንፈር፤ ተጀምሮ የቀረን ነው የምንጠይቀው።

ለቡሬው ወንድሜ፦ ዝርዝር ሁሉ ዝግ አይደለም። ፊንላንድ መራጩ የሚጽፈው የዕጩውን ቁጥር ነው። ድምፁ ለፓርቲው ይቆጠራል፣ ከፓርቲው ዝርዝር ማን እንደሚገባ ግን የሚወስነው ሰው የሰጠው ድምፅ ነው።

ወጣት አባል፣ ዳንግላ፦

እኔ የማነሳው የአዊን ጉዳይ ነው። ቁጥራችን በአገር ደረጃ ትንሽ ነው፣ የምንኖረው ግን ባንድ አካባቢ ነው። አሁን ባለው ሥርዓት ቢያንስ የራሳችንን ሰው እንልካለን። ዝርዝሩ አገር አቀፍ ከሆነና መነሻ ድምፅ ከተቀመጠ እንዋጣለን። ቱርክ 10 በመቶ ያላገኘ አይገባም ብላ እ.ኤ.አ. በ2002 ከተሰጠው ድምፅ 45 በመቶ ገደማው ያለ ወንበር ቀርቷል። ጀርመን 5 በመቶ፣ እስራኤል 3.25 በመቶ ነው የሚሉት። ስለዚህ ዝርዝሩ በዞን ይሁን። ምሥራቅ ጎጃም ለብቻ፣ ምዕራብ ጎጃም ለብቻ፣ አዊም ለብቻ።

የሒሳብ መምህርት፣ ፍኖተ ሰላም፦

ወንድሜ፣ ስጋትህ ትክክል ነው። ግን አንድ ችግር አለው። ወንበሩ ካነሰ ማካፈሉ አይሠራም። ያንኑ ሰፌድ በሦስት ወንበር ብትከፍለው ምስሩ በየትኛውም ስሌት አይገባም። የአማራ ክልል ከ547ቱ 138 ወንበር አለው። ማካካሻው በክልል ደረጃ ቢታሰብ ቁጥሩ ይበቃል። የምርጫ ክልሎቹ ደግሞ እንዳሉ ይቆዩ፤ አዊ የራሱን ሰው መላኩን አያጣም።

ነጋዴው፣ ከቡሬ፦

እንዲህ ከሆነ እስማማለሁ። ሁለት ነገር ግን ይግባልኝ። አንደኛ፣ ዝርዝሩ ክፍት ይሁን፣ ዕጩዎቹንም የፓርቲው አባላት በምስጢር ድምፅ ይምረጡ። ሁለተኛ፣ የግል ዕጩ አይነካ። በ2013ቱ ምርጫ ብልጽግና 410 ወንበር ሲወስድ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አግኝተዋል፤ የግል ዕጩዎችም 4 ነበሩ። እነዚያ አራቱ ያለ ፓርቲ ሰው መግባት እንደሚችል ያሳዩ ናቸው። በር አይዘጋባቸው።

ጸሐፊው፦

የመጀመሪያውን ረቂቄን ትቼዋለሁ። ሁለተኛው እንዲህ ነው፦

«የምርጫ ክልሎች እንዳሉ ሆነው መራጩ ሁለት ድምፅ ይኑረው፤ አንዱ ለአካባቢው ዕጩ፣ ሌላው ለፓርቲ ዝርዝር። ተጨማሪ ወንበሮች በየክልላዊ መንግሥቱ ደረጃ ታስበው፣ ድምፁ ሳያንስ ወንበር ላነሰበት ፓርቲ በትልቅ ትራፊ ስሌት ይሰጡ። ዝርዝሩ ክፍት ይሁን፤ ተራውን የሚወስነው መራጩ ይሁን። ዕጩዎች በፓርቲው አባላት ምስጢራዊ ድምፅ ይለዩ። የግል ዕጩ መብት አይነካ። የተመረጠ ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ በምርጫ ክልሉ ፊት ቀርቦ ሪፖርት ያቅርብ፤ በዝርዝር የገባም በክልሉ ውስጥ የሚጠየቅበት አካባቢ ይመደብለት። እምነት ያጣ መራጭ ተወካዩን የሚያወርድበት አሠራር ግልጽ፣ አጭርና ሕዝብ የሚያውቀው ይሁን።»

አንድ ነገር አንደብቅ። አንቀጽ 54 አብላጫ ድምፅ ስለሚል፣ የወንበሩንም ጣሪያ 550 ላይ ስላቆመው፣ የፓርቲ ድምፁና ተጨማሪ ወንበሩ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ይፈልጋሉ። በአንቀጽ 105 መሠረት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ አለባቸው፤ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው። ረጅም መንገድ ነው። ስለዚህ ሐሳቡን ለሁለት ልክፈለው። ሪፖርቱ፣ የዕጩዎቹ አመራረጥና የማውረጃው አሠራር ሕገ መንግሥት ሳይነካ በአዋጅ ሊሠራ ይችላል። እሱን ከፊት እናስቀድመው።

የኔታ፦

ማውረጃው ከፊት ይሁን። «አሠራር» ከምትሉት «ሥርዓት» በሉት፣ ይሻላል። ፊርማዬን ለሞጣው መምህር አደራ ብያለሁ።

ጸሐፊው፦

እሺ የኔታ፣ «ሥርዓት» ብዬዋለሁ። እስከ ሐሙስ የሚጨምር ካለ ይጨምር። ዓርብ ኮፒው ይወጣል። የሰፌዱን ስሌት መምህርቷ በአንድ ገጽ አድርጋ ትላክልኝ፣ ከሐሳቡ ጀርባ እናያይዘዋለን።