ቆጵሮስ ተራራ ላይ መኪና ቆመብን፤ እናቴ ደግሞ ጾመኛ ናት

ጠያቂዋ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ! ከኒቆስያ ወደ ትሮዶስ ተራራ ስንወጣ የተከራየነው መኪና ካኮፔትሪያ መንደር ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። አከራዩ ስልክ አያነሳም። ኦገስት 15 ስለሆነ ያየነው ጋራዥ ሁሉ ዝግ ነው። እናቴ ፍልሰታን እየጾመች ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ የገባንበት ምግብ ቤት የሚያቀርበው ሥጋና አይብ ብቻ ነው። ምን ላብላት? ሥዕል ያለበት ጥንታዊው ቤተ ክርስቲያንስ በእግር ይደረሳል?

ባለመሪው፦ እህቴ፣ እንዴት ነው የቆመው? ጭስ ነበረው? ዳገቱ ላይ ሞቆ ከሆነ ሞተሩን አጥፉና ጠብቁ። እስኪበርድ ድረስ የራዲያተሩን ክዳን አትንኩ፤ የፈላው ውሃ ፊት ያቃጥላል።

የሰፈር ልጅ፦ ውሃ ጨምሩበትና ሂዱ።

ወልደ ማርያም፦ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። የቆጵሮስ ሰዎችም ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ፍልሰታን ይጾማሉ። የጾም ምግብ እንዴት ይጠፋል?

መምህርቷ፦ ወንድሜ፣ እነሱ የሚጾሙት ከኦገስት 1 እስከ 14 ነው። ዛሬ በዓላቸው ነው፤ ፈስከዋል። የእኛ ጾም የገባው ኦገስት 7 ስለሆነ ዛሬ ገና ነሐሴ 9 ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በንጉሠ ነገሥት አሌክሲዮስ ኮምኔኖስ ዘመን የተመሠረተው የኪኮስ ገዳምም እዚያው ትሮዶስ ላይ ነው፤ ዛሬ ምእመናን ያጥለቀልቁታል። ልጅቷን ጥፋተኛ አታድርጋት።

ሳቂታው፦ ኢትዮጵያዊት እናት ባሕር ተሻግራ በሶ ሳትይዝ? ቦርሳቸውን ፈትሺ! ቀዝቃዛ ውሃና ጨው ይበቃል።

ሊማሶል ነዋሪ፦ እዚህ ሰው ቤት ስለምሠራ ምግባቸውን አውቀዋለሁ። ሜዜ እንዳታዝዙ፤ በትንንሽ ሳህን ተራ በተራ ሲመጣ ሃሉሚ የሚሉት አይብም የአሳማ ሥጋውም አብሮ ይመጣል። የአትክልት ሜዜ የሚሉትም አይብና እንቁላል አያጣም። «ኒስቲሲማ» በሏቸው፤ የጾም ማለት ነው፤ ወዲያው ይገባቸዋል። ሉቪ ካላቸው እሱን እዘዙ፤ ከዝኩኒ ጋር የተቀቀለ አደንጓሬ መሰል ጥራጥሬ ነው፤ የወይራ ዘይትና ሎሚ ይፈስበታል። ሙኬንድራም ምስርና ሩዝ ነው፤ በሽንኩርት ይሠራል። በወይን ቅጠል የተጠቀለለውን ኩፔፒያ ግን ሥጋ እንደሌለው ሳትጠይቁ አትንኩ። ለእናትሽ ጤና ይስጥልኝ በይልኝ።

የሰፈር ልጅ፦ ካኮፔትሪያ በትራውት ዓሣ የታወቀ ነው፤ ዓሣ ይብሉ። መኪናውም ውሃ ነው የሚፈልገው።

ጠያቂዋ፦ የሙቀት መለኪያው ቀይ ላይ ነበር። ዓሣ በፍልሰታ ፈጽሞ አትበላም። ቤተ ክርስቲያኑስ?

መምህርቷ፦ ልክ ናቸው፤ አታስገድዷቸው። የምትፈልጉት የጣራው ቅዱስ ኒኮላዎስ ከመንደሩ በላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይርቃል። በነሐሴ ፀሐይ እናትሽን በእግር አታስኪጂያቸው፤ ታክሲ ያዙ። ከ1985 ጀምሮ በዩኔስኮ ከተመዘገቡት የትሮዶስ ባለሥዕል አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ነው። ሥዕሎቹ ከ11ኛው እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን የተሣሉ ናቸው፤ ከላይ ያለው ሁለተኛው የእንጨት ጣራ ከበረዶ ይጠብቃቸዋል። ልጇን የምታጠባዋን እመቤታችንን ፈልጉላቸው፤ ለዚች ሥዕል ሲባል መንገዱ ሁሉ ይወጣል። ካልተሳካም በወንዙ ዳር ያለው አሮጌው መንደር እዚያው በእጃችሁ ነው፤ የእንጨት ሰገነት ያላቸው ቤቶቹ ሳይታዩ መመለስ ያሳዝናል።

ባለመሪው፦ ከመነሣታችሁ በፊት የኪራይ ውሉን እዩት፤ የመንገድ ላይ እርዳታ ስልክ ብዙውን ጊዜ ከቢሮው ስልክ የተለየ ነው። ቀዝቅዞ ውሃ ከሞላችሁለት በኋላ ከሥር ይንጠባጠባል? የሚንጠባጠብ ከሆነ አትንዱት።