የጎረቤት ግንባታ ፈቃድ ወጥቶ የእኔ ፋይል ለምን ይቆማል?

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ማዘጋጃ ቤት የምትሠሩ ወይም ዲዛይን ሠርታችሁ የምታስገቡ ካላችሁ እርዱኝ።

ቤቱ ጂ+1 ነው፤ ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ። በአንድ ሰሞን የገባው የጎረቤት ፋይል አልቋል፣ የእኔ አሁንም እዚያው ነው። የሕንፃ ምድብ ልዩነቱ ይገባኛል፦ የእሱ ባለ አንድ ወለል መኖሪያ ነው፣ የእኔ ባለ ሁለት ወለልና ሱቅ ያለበት። ስለዚህ ከአርክቴክቸሩ ሌላ የስትራክቸር፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ (የውኃና ፍሳሽ መስመር) ንድፍ በየባለሙያው ይታያል፤ የአንዱ ምርመራ ከዘገየ ፋይሉ እሱን ይጠብቃል። ይህ ያለ ነው።

የቸገረኝ ሌላ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ የመሠረቱ ስሌት የአፈር ጥናት የለውም ብሎ መለሰው። ቦታው ጥቁር መረሬ ነው፣ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ አስተያየቱ ትክክል ስለሆነ አልከራከርም። ግን ጥናቱ ተያይዞ ሲገባ ፋይሉ በድሮው መዝገብ ቁጥር ተራውን ይዞ ይቀጥላል ወይስ እንደ አዲስ ይመዘገባል? የኤሌክትሪክና የሳኒተሪው ምርመራስ እስከዚያ ጎን ለጎን እንዲሄድ ማመልከት ይቻላል? እርማቱም የተነገረኝ በቃል ነው። ሁሉም ባለሙያ ያለውን በአንድ ደብዳቤ ዘርዝሮ እንዲሰጠኝ ለማን ልጻፍ? አንዱን አስተካክዬ ስመለስ ሌላ እንዳይወጣብኝ ነው።

ቁፋሮው ሰኔ ሳይገባ ካላለቀ፣ መረሬ ውኃ ከጠጣ በኋላ የሚታሰብ አይደለም። ስትመልሱ የየትኛው ከተማ አሠራር እንደሆነ ጨምሩልኝ፤ የደብረ ብርሃንና የትንሽ ወረዳ ከተማ አንድ ላይሆን ይችላል።