የሴቶችን የፖለቲካ ተሳትፎና የሰላም ግንባታ የሚደግፍ ፕሮጀክት ስንከታተል ከፊርማ ወረቀቱ ሌላ ምን እንቁጠር?

ጠያቂ፦ የመስክ ባለሙያ፣ ቱሉ ዲምቱ

ለተከበራችሁ የሙያ አጋሮቼ፣

በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ አካባቢ በሚካሄድ የ18 ወር ፕሮጀክት ውስጥ የክትትልና ግምገማ ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። ፕሮጀክቱ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ሴቶች በነዋሪዎች መድረኮችና በወረዳ ኮሚቴዎች ተገኝተው ያነሡት ሐሳብ ከውሳኔ እንዲደርስ ያግዛል። ሁለተኛው ደግሞ ወደ ኮንዶሚኒየሙ የገቡ ሴቶችን፣ መሬቱ ለግንባታ ከመወሰዱ በፊት እዚያው ሲያርሱ ከኖሩት የገበሬ ቤተሰቦች ሴቶች ጋር በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚያገናኝ የውይይት ቡድን ነው። የኮዬ ፈጬ ቤቶች ዕጣ የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ሲወጣ የተነሣውን ተቃውሞ ለምታስታውሱ፣ ሁለተኛው ክፍል ለምን እንዳስፈለገ መዘርዘር የሚኖርብኝ አይመስለኝም።

የአጋማሽ ዘመን ሪፖርት ለመጻፍ ስቀመጥ በፕሮጀክት ሰነዱ የሰፈሩት አመልካቾች ከሞላ ጎደል ተሳክተው አገኘኋቸው። 240 ሴቶች ይሠለጥናሉ ተብሎ 261 ሠልጥነዋል፤ 12 የውይይት መድረክ ታቅዶ 14 ተካሂዷል፤ የፊርማ ወረቀቱም ሁሉ በፋይል አለ። ይሁን እንጂ ባለፈው ወር በአንድ የነዋሪዎች መድረክ ላይ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ስከታተል፣ በአዳራሹ ከነበረው ሰው ከግማሽ በላይ ሴት ሆኖ ሳለ፣ ወደ ሦስት ሰዓት በፈጀው ስብሰባ የተናገረችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እርሷም የተነሣችው የሰብሳቢውን ሐሳብ ለመደገፍ ነው። እኔ ራሴ ያን ዕለት ማታ ስለ ስብሰባው በላክሁት ማጠቃለያ ላይ «የሴቶች ተሳትፎ 54 በመቶ» ብዬ ጽፌያለሁ። ቁጥሩ ስሕተት የለበትም፤ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ሌላው ችግሬ «ለወረዳ ምክር ቤት የተመረጡ ሴቶች ብዛት» የሚለው አመልካች ነው። የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በፕሮጀክታችን ዕድሜ ውስጥ ይህን አመልካች ምን ብዬ እንደምሞላው አላውቅም። በሁለተኛው ክፍል ላይ ደግሞ «ሰላም ጨመረ» ለማለት የሚያስችል ምንም መለኪያ አልተቀመጠም። በቀሩት ዘጠኝ ወራት ምን ልቁጠር? ከማንስ ልጠይቅ?


መልስ 1፦ ነባር ገምጋሚ

እንደምን ሰነበቱ። «ከኋላ ወንበር ተቀምጬ» ያሉት ነገር ደስ አሰኝቶኛል፤ ብዙ ባልደረቦቻችን የሚቀመጡት ከፊት፣ ከክብር እንግዶች ጋር ነው፤ ከዚያ ደግሞ የሚታየው የተሰብሳቢው ፊት ብቻ ነው።

ጭንቅላት መቁጠር እስከ ምን ድረስ እንደሚያስኬድ ለማየት ከአገራችን ታሪክ አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከነበሩት 547 መቀመጫዎች 212ቱን ሴቶች ይዘው ነበር፤ 38.8 በመቶ ማለት ነው፤ ከብዙ ያደጉ አገሮች የሚበልጥ ድርሻ። በዚያው ምክር ቤት ውስጥ ግን ሁሉም መቀመጫ የገዢው ግንባርና የአጋሮቹ ነበር። ስለዚህ 38.8 የሚለው ቁጥር ሴቶች መግባታቸውን ቢያረጋግጥም፣ ከገቡ በኋላ የተለየ ሐሳብ ይዘው መከራከር ችለው እንደሆነ ከቁጥሩ ማንበብ አይቻልም። የእርስዎ 54 በመቶ የዚያ ታናሽ ወንድም ነው።

እኔ የምመክርዎ የአንዲትን ሴት ሐሳብ ከአፏ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ እግር በእግር መከተል ነው። ከሦስት ስብሰባ አንዱን ይምረጡና ይቀመጡ። ማን ቀድሞ እንደተናገረ፣ ሴቲቱ ላነሣችው ጉዳይ መልስ ተሰጥቶ እንደሆነ ወይም «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እናመሰግናለን» ተብሎ ታልፎ እንደሆነ ይመዝግቡ። ከዚያ ቃለ ጉባኤውን ይጠይቁና ጉዳዩ መስፈሩን፣ ከሰፈረም በአጀንዳነት ይሁን «ልዩ ልዩ» በሚለው የመጨረሻ መስመር ውስጥ ይመልከቱ። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ «ያ ጉዳይ የት ደረሰ?» ብሎ የጠየቀ ሰው መኖሩን ማየትም አይርሱ፤ በእኔ ልምድ ትልቁ ምልክት እርሱ ነው።

ከዓመታት በፊት በሌላ የከተማዋ ጫፍ አንድ የመንገድ መብራት ጉዳይ እንዲህ ተከትዬ ነበር። ከማታ ትምህርት የሚመለሱ ልጆች ያሏት አንዲት እናት ነበረች ያነሣችው። ሰባት ወር ፈጅቶ መብራቱ ተተከለ፤ በሪፖርቱም «በነዋሪዎች ተሳትፎ የተፈታ ችግር» ተብሎ ገባ። በቃለ ጉባኤው ላይ ግን ሐሳቡ የተመዘገበው በሰብሳቢው ስም ነበር። ሴትዮዋን ሳገኛት ይህን አታውቅም፤ ስነግራት ሳቀችና «ዋናው መብራቱ መብራቱ ነው» አለችኝ። እርሷ ትሳቅ፤ የክትትል ባለሙያ ግን መሳቅ ያለበት አይመስለኝም፤ ምክንያቱም በሚቀጥለው ዓመት ለኮሚቴ የተጠቆመው ሐሳቡ በስሙ የተመዘገበለት ሰው ነው።

አውትካም ሃርቨስቲንግ የሚባለውና ሪካርዶ ዊልሰን-ግራው ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዳበሩት ዘዴ ለዚህ ይረዳዎታል። አስቀድሞ ከተቀመጠ ዒላማ ሳይነሣ፣ በሰዎች ወይም በተቋማት አሠራር ላይ የታየውን ለውጥ ይለቅማል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሄዶ ፕሮጀክቱ ምን እንዳዋጣ ይጠይቃል፤ የተገኘውንም ጉዳዩን በሚያውቅ ሌላ ሰው ያስመሰክራል። የምርጫውን አመልካች በተመለከተ ባዶውን መተው ወይም «አይመለከትም» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ለምን ሊሟላ እንደማይችል በአንድ አንቀጽ ጽፈው አሁኑኑ እንዲለወጥ ይጠይቁ።


መልስ 2፦ የቡድን አወያይ፣ ኮዬ

እህቴ፣ እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ እርስዎ ከሚሉት ዓይነት ቡድን ውስጥ አንዱን ሁለት ዓመት አወያይቻለሁ። ስለ ሰላሙ ክፍል የማውቀውን ልጻፍልዎ።

በመጀመሪያ መነሻ ጥናታችሁን መልሳችሁ እዩት። በእኛ ጊዜ የመጡት አጥኚዎች «ሴቶች በግጭት አፈታት ያላቸው ሚና» በሚለው ሣጥን ውስጥ ዜሮ ጽፈው ሄዱ፤ የሽማግሌ ጉባኤ ላይ ሴት ስላላዩ ነው። በዚህ አካባቢ የኖረውን የኦሮሞ ሕዝብ ልማድ የሚያውቅ ሰው ግን ሲንቄን ያውቃል። ያገባች ሴት የምትይዘው በትር ነው፤ ሲንቄ የያዙ ሴቶች በተጣሉ ወንዶች መካከል ገብተው ከቆሙ እነርሱን ጥሶ ማለፍ ትልቅ ነውር ነው። እንዲህ ያለ ሥርዓት ባለበት አገር ዜሮ ተጽፎ ሲጀመር፣ ኋላ ላይ የተገኘው ሁሉ የፕሮጀክቱ ውጤት ይባላል፤ እናቶቻችን ሲሠሩት የኖሩት ደግሞ ያልነበረ ይሆናል።

ሰላም መጨመሩን ከጠየቃችሁ ሁሉም ሰው «ሰላም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላችኋል። የሚታየው በሌላ ነገር ነው። ወተት ሻጯ ከብሎኩ በር ላይ ቆማ ትሸጥ የነበረችው አሁን ደረጃ ወጥታ በር ታንኳኳለች ወይ? ባለሱቋ ለማዶዋ ሴት በዱቤ ትሰጣለች ወይ? ዱቤ የምትሰጠው ነገ ተመልሳ እንደምትመጣ ለምታምናት ሴት ብቻ ነው። ለቅሶ ሲሆን ማዶዎቹ ብቅ ብለው ይመለሳሉ ወይስ ከድንኳኑ ተቀምጠው ያመሻሉ? የእድር ዕቃ ይዋዋሳሉ ወይ? እነዚህን እኛ ራሳችን ሴቶቹን «ተስማምተናል የምትሉት ምን ስታዩ ነው?» ብለን ጠይቀን ነው ያገኘናቸው፤ እኔ ብቻዬን ብቀመጥ ዱቤ ትዝ አይለኝም ነበር።

ስለ ፊርማ ወረቀቱም ልንገርዎ። ስም፣ ስልክ፣ የቤት ቁጥርና ፊርማ የያዘ ወረቀት ሲዞር አንዳንዶቹ የመጡት ለምን እንደሚጠፉ ብዙ ጊዜ አልገባኝም ነበር። ግርግር ባየ ሰፈር ውስጥ ስም ዝርዝር ያስፈራል፤ ወረቀቱ ነገ በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። ለአበል ካልሆነ በቀር ስማቸውን መሰብሰብ ለምን እንዳስፈለገ ጠይቁ። ቋንቋውንም አስቡበት፤ ውይይቱ በአማርኛ ብቻ ሲሆን ከገበሬው ወገን የመጡት እናቶች ዝም ይላሉ፤ የእናንተም ወረቀት «አልተሳተፉም» ይላል። በአፋን ኦሮሞ ሲጠየቁ ግን ማን ያስቆማቸዋል?

ደግሞ የስብሰባውን ቀን ከውኃ ፈረቃው ጋር አስተያዩት። ውኃ በሚመጣበት ቀን አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ሴት ጀሪካን ሳትሞላ የትም አትሄድም። እኛ ሦስት ወር ሙሉ «የፍላጎት ማነስ» እያልን የጻፍነው እርሱን ነበር።


መልስ 3፦ ሂሳብና ሕግ

የቀደሙትን አስተያየቶች እየተቀበልሁ አንድ ተቃውሞ ላቅርብ። ቁጥር በጣም አትናቁ። ሴቶች፣ ሰላምና ጸጥታን የሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 1325 ጥቅምት 21 ቀን 1993 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ የሴቶች ድርሻ በሰላም ድርድር ጠረጴዛ ላይ ሲነሣ ክርክሩ የሚያዘው በመቁጠር ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት ላይ ፊርማቸውን ያኖሩት ሁለቱ ዋና ተደራዳሪዎች ወንዶች እንደነበሩና በአሸማጋዮቹ ቡድን ውስጥ የቀድሞዋ የደቡብ አፍሪካ ምክትል ፕሬዝዳንት ፉምዚሌ ምላምቦ-ንግኩካ እንደነበሩ መናገር የምንችለው ሰው ስለቆጠርን ነው። ቆጠራው ይቅር ከተባለ መጀመሪያ የሚጠፉት ሴቶቹ ናቸው፤ ነባር ገምጋሚው በጠቀሱት በ38.8 ላይም መከራከር የተቻለው ቁጥሩ ስላለ ነው።

ቆጠራ ብቻ የቀረልን ለምን እንደሆነ ግን ታሪክ አለው። በበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በጾታ እኩልነትም ሆነ በግጭት አፈታትና ዕርቅ ላይ መሥራት አይችልም ነበር፤ ያውም የአስተዳደር ወጪው ከ30 በመቶ እንዳያልፍ ሲደረግ፣ ለክትትል የሚወጣው ወጪ ከዚያው ይቆጠር ነበር። ስለዚህ ብዙ ድርጅት የለመደው ርካሹን ክትትል፣ የፊርማ ወረቀት መሰብሰብን ነው። እርሱን የተካው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያን ክልከላ አንሥቷል፤ የአስተዳደር ወጪን ጣሪያ 20 በመቶ ቢያደርገውም የአስተዳደር ወጪ የሚባለው ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘው ነው። የመስክ ምልከታና አስተርጓሚ የፕሮጀክቱ ሥራ አካል ሆነው በጀት ይያዝላቸው፤ ለጋሹም አብዛኛውን ጊዜ የሚከለክለው ሳይነገረው የተደረገ ለውጥን ነው።

አወያይዋ ስለ ዱቤና ስለ ወተት የጻፉት ነገር በሰላም ጥናት ውስጥ ስም አለው፤ የዕለት ተዕለት ሰላም አመልካቾች ይባላል። ፓሚና ፊርቾውና ሮጀር ማክ ጊንቲ የተባሉ ተመራማሪዎች የገፉበት ሐሳብ ነው። በእነርሱ ሥራ ውስጥ ታዋቂ የሆነው ምልክት የውሻ ጩኸት ነው፤ ሌሊት ውሾች ከጮኹ በሰፈሩ እንግዳ ሰው ይዘዋወራል ማለት ነው። ለጋሹ «ዱቤ ምን አመልካች ነው?» ካለ ይህን ይጥቀሱለት።


ጠያቂ፦ የመስክ ባለሙያ፣ ቱሉ ዲምቱ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከጠየቅሁ ስድስት ሳምንት ስላለፈ የሞከርሁትን ልንገራችሁ። የዘጠኝ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ለምኜ አገኘሁ። ሴቶች ያነሡት ጉዳይ በአራቱ ውስጥ ሰፍሯል፤ አራቱም ጊዜ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር ነው። በስሟ የተመዘገበች አንዲትም የለችም። የፊርማ ወረቀቱን አበል በሚከፈልበት ቀን ብቻ አድርገነዋል። የስብሰባ ቀናችንም ከውኃ ቀን ጋር እንዳይገጥም ከተደረገ ወዲህ በሁለተኛው ውይይት ላይ ወንበር አንሷል። መነሻ ጥናቱን ስከፍት ደግሞ ያው ዜሮ ተቀምጦልኛል።

ከሴቶቹ ጋር ተመካክረን የመረጥናቸው ምልክቶች አምስት ናቸው፤ ዱቤ አንደኛው ሆነ። አሁን የያዘኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ ወተት ሻጮቹ ደረጃ መውጣት ጀምረዋል፤ ነገር ግን በዚሁ ወቅት በአካባቢው የነበረ አንድ የወተት መሸጫ ተዘግቷል። ወደ ላይ ያወጣቸው ውይይታችን ነው ወይስ ገበያው?


መልስ 4፦ የቡድን አወያይ፣ ኮዬ

እህቴ፣ እርሷኑ ጠይቂያት፤ ግን የፕሮጀክቱን ስም የያዘ ሰደርያ አውልቀሽ፣ ስለ ውይይቱም አንድ ቃል ሳታነሺ። «ድሮ ለምን አትወጪም ነበር?» ብለሽ ጀምሪ። ከመሸጫው ቀድማ የቡድኑን ስም ከጠራች ጻፊው፤ መሸጫውን ከጠራችም ጻፊው። እኔ የጠየቅኋት አንዲት ሻጭ ሁለቱንም ሳትጠራ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የወለደች ሴት እንዳለች ሰምታ አጥሚት ይዛ እንደወጣች ነገረችኝ። የማንን ውጤት ብለን እንደምንመዘግበው እስካሁን ከባልደረቦቼ ጋር አልተስማማንም።