ዴልሂ–ባንኮክ፦ የበረራ ሰዓቱ ግራ አጋባኝ

እናቴን ለሕክምና ዴልሂ አምጥቻታለሁ፤ ቀጣዩ ቀጠሮዋ ባንኮክ ነው። እግሯ ስለሚያብጥ ረጅም ሰዓት ሳትንቀሳቀስ እንዳትቀመጥ ተነግሮናል፤ ስለዚህ ለእኔ እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ትልቅ ነገር ነው። ርቀቱን በካርታ ስለካው በአየር 2,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። ትኬቱ ላይ ግን በእኛ አቆጣጠር መሄጃው ከቀኑ 8:00 ተነስቶ ምሽት 1:30 ይደርሳል፣ ማለትም 5 ሰዓት ተኩል። መመለሻው ደግሞ ከጠዋቱ 3:00 ተነስቶ 6:00 ላይ ይገባል፤ 3 ሰዓት ብቻ! ባንኮክ ዴልሂን በ1 ሰዓት ተኩል እንደሚቀድም ሳውቅ አስተካክዬ አሰላሁት፦ መሄጃው 4፣ መመለሻው 4 ሰዓት ተኩል መጣልኝ። መንገዱ ያው ሆኖ ሳለ መመለሻው የረዘመው ከምዕራብ በሚነፍሰው ነፋስ ነው ወይስ ስሌቴ ተሳስቷል?