አይዲ 6 የምትነዱ ሰዎች፣ እስኪ ምከሩኝ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪና ልገዛ ተነስቼ መሃል ላይ ቆሜአለሁ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ዓይኔ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የቮልስዋገን አይዲ 6 ላይ አርፏል። ባለ 7 መቀመጫው፣ ያገለገለ። ዋጋው ቀላል አይደለም።

ከተማ ውስጥ አልሰጋም። የሚያስጨንቀኝ ደሴ ነው፤ እናቴ እዚያ ናት። መንገዱ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የጣርማበርን ዳገት መውጣት አለ። ሻጩ በአንድ ሙሉ ቻርጅ ትሄዳለች ብሎ የሚጠራልኝ ርቀት በቻይና መለኪያ የተሰላ ነው፤ መለኪያው ደግሞ ለጋስ ነው፣ ርቀቱን ያበዛዋል። ሰው ሞልታችሁ ዳገት ስትወጡ በእውነት ስንት ትሄዳላችሁ? ቁልቁለት ላይ ለባትሪው የሚመልሰው የሚወራለትን ያህል ነው?

የቻርጅ መሰኪያው የቻይናው ዓይነት፣ ጂቢ/ቲ የሚባለው ነው። መንገድ ላይ የአውሮፓው ዓይነት መሰኪያ፣ ሲሲኤስ2 ብቻ ያለው ቻርጀር ቢያጋጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ደላላውን ስጠይቀው «ምንም ችግር የለውም» አለኝ። ሌላ ምን ሊል ኖሯል!

ባትሪው ምን ያህል እንደደከመ ከመግዛቴ በፊት የሚለካልኝ ባለሙያም ጠቁሙኝ። በተለይ ገዝታችሁ መልሳችሁ የሸጣችሁ ካላችሁ፣ ምክንያታችሁን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ቀብድ እስከ ዓርብ ክፈል ተብያለሁ።